ዳገቱና የአረጋውያን ልብ

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች፤ የጉና ተራራ ጫፍ ደግሞ ከ4,100 ሜትር ያልፋል። በዚህ አገር አባቶችና እናቶች ወደ ገበያም ሆነ ወደ ለቅሶ የሚሄዱት ብዙውን ጊዜ በእግራቸው ነው። እንግዲህ «ሰውነታችሁን አንቀሳቅሱ» ብሎ መምከር ምን ይጠቅማል? የሚል ይኖር ይሆናል።

ልብ ጡንቻ ነውና በመጠኑ ሲሠራ ይጠነክራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ይህም በሳምንት አምስት ቀን፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት መራመድ ማለት ነው። በቤት ተቀምጠው የቆዩ ግን ከአሥር ደቂቃ ይጀምሩ። ልኩንም ለማወቅ አያስቸግርም፤ እየተራመዱ መነጋገር ከቻሉ መልካም ነው፤ ቃል ከአፍ አልወጣ ካለ ግን ዝግ ማለት ያስፈልጋል።

ከባድ ሸክም ይዞ ዳገት መውጣት ግን ሌላ ነገር ነው። የደም ግፊትን በድንገት ከፍ ያደርጋል፤ የደጋውም አየር ስስ በመሆኑ ልብ ይበልጥ ይደክማል። ደረትን ጨምድዶ የሚይዝ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ቀዝቃዛ ላብ ከመጣ ወዲያው መቀመጥ ይገባል። «ጨጓራዬ ነው» ብሎ ማሳለፍ ሕይወት ያሳጣልና ሳይዘገዩ ሕሙሙን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ማድረስ ነው። የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም፤ ስለዚህ መለካት ይበጃል። የታዘዘውንም መድኃኒት «ተሽሎኛል» ብሎ ማቋረጥ አይገባም።

በፕሮጀክት ሥራ ላይ ላላችሁ ወገኖች አንድ ነገር እናሳስባለን። አንዳንድ አረጋዊ እህሉ እንዳይቀርበት በመስጋት ሕመሙን ደብቆ ለእርከን ሥራ ድንጋይ ይሸከማል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራበት በቆየው የልማታዊ ሴፍቲኔት ደንብ መሠረት ግን፣ ለሥራ የሚበቃ ሰው የሌለበት ቤተሰብ ጉልበት ሳይጠየቅ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። ይህን ለአረጋውያኑ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። የደከመውን ሰው «አባባ፣ ትንሽ ይረፉ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ቢያርፉም እህላቸው እንደማይቀር ሊያውቁ ይገባል።