ባቡሩ ሲያልፍ ድልድዩ ምን ያህል ይረግባል?

ጠመንጃ ያዥ አካባቢ ያላችሁ ልጆች ልደታ ላይ ከመሬት ከፍ ብሎ የሚያልፈውን ቀላል ባቡር ታውቁታላችሁ። መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ከሥሩ ቆማችሁ ብታንጋጥጡ ኮንክሪቱ ንቅንቅ የሚል አይመስልም። ግን ይንቀሳቀሳል! ባቡሩ ሲመጣ ቢሙ በትንሹ ይረግባል፣ ሲያልፍ ይመለሳል። መሐንዲስን የሚያሳስበው መርገቡ ሳይሆን ከተሰላው በላይ መርገቡ ወይም ሳይመለስ መቅረቱ ነው።

ይህን እንዴት እንለካለን? አንዱ መንገድ እንዲህ ነው፦ ሌዘሩን ምሰሶው ላይ አጥብቀን በአግድም እናበራለን፤ ነጭ ሰሌዳና ካሜራ ደግሞ ቢሙ መሐል ላይ እናስራለን። ቢሙ 2 ሚሊ ሜትር ሲወርድ የብርሃኗ ነጥብ ሰሌዳው ላይ 2 ሚሊ ሜትር ከፍ ትላለች። ገልብጠን ሌዘሩን ቢሙ ላይ ብናስረውስ? አይሆንም። ቢም ሲረግብ ዘንበልም ይላል፤ ሌዘር ደግሞ በ0.06 ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብል፣ 10 ሜትር ርቆ ያለው ነጥብ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይዘላል። ያኔ የምንለካው ሌላ ነገር ሆነ ማለት ነው።

አሁን ወደ ምስሉ እንምጣ። አንድ ፒክስል የሰሌዳውን 0.2 ሚሊ ሜትር ያሳያል እንበል። ታዲያ ከዚያ ያነሰ እንቅስቃሴ አይታይም? ይታያል፣ ደስ የሚለው ነገር እዚህ ጋ ነው። ነጥቧ በብዙ ፒክስሎች ላይ ስለምትፈስ ብርሃኑን እንደ ክብደት እንቆጥረዋለን። ለምሳሌ 100ኛው ረድፍ 50፣ 101ኛው 200፣ 102ኛው 150 ብርሃን አላቸው። የረድፉን ቁጥር በብርሃኑ አባዝተን ስንደምር 40,500 ይመጣል፤ ለጠቅላላው ብርሃን፣ ለ400፣ ስናካፍለው 101.25። ቀድሞ 101 ላይ ከነበረች ሩብ ፒክስል፣ ማለትም 0.05 ሚሊ ሜትር ሄዳለች!

ግን ስሌቱ በቀላሉ ይታለላል። ሰሌዳው ላይ ያረፈ የፀሐይ ብርሃንም ክብደት ሆኖ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ከተወሰነ ድምቀት በታች ያለውን ሁሉ ዜሮ እናደርጋለን። ነጥቧ ከመጠን በላይ ደምቃ ፒክስሎቹ 255 ላይ ከተደፈኑም ሚዛኑ ይዛባል። (ሌዘር በዓይናችሁ በቀጥታ እንዳታዩ፣ አደራ።)

ባቡር በሌለበት ሰዓትም ቀረጻው አይቆምም። ፀሐይ ኮንክሪቱን ስታሞቀው ቢሙ ቀስ ብሎ ስለሚጎብጥ ነጥቧ ያለ ባቡር ትንቀሳቀሳለች፤ ይህን ካልቀነስነው ጤነኛውን ቢም «አልተመለሰም» ልንል እንችላለን።