ሥራ አፍ የለውም
ከሎስ አንጀለስ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፌርፋክስ ላይ ቡና የሚጠጣ ሰው የማይሰማው ወሬ የለም። የአገር ቤቱ ጉዳይ አለ፣ የቤት ኪራይ ንረት አለ፣ አማርኛ አልናገርም ያለ ልጅ አለ። አንድ ወሬ ግን ሁልጊዜ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው የሚወራው። «እኔ ሥራ ያስተማርኩት ልጅ አለቃዬ ሆነ» የሚለው ነው። ይህን ወሬ ከሌሎች ስሰማ ለዓመታት ከንፈሬን ስመጥ ቆይቼ፣ በመጨረሻ በራሴ ደረሰ።

የምሠራው በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የሂሳብ ክፍል ነው። የሆስፒታሉን ስም ልተወው፤ እንጀራዬ ነውና። ወደዚህ ከተማ ስመጣ እንደ ብዙዎቻችን መኪና ማቆሚያ ቦታ ላይ ቲኬት እየቆረጥኩ፣ ማታ ማታ ኮሌጅ እየተማርኩ ነው ወንበር ያገኘሁት። አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ። ከአገር ስወጣ የመከሩኝ ምክር አንድ ነው፦ «አንተ ብቻ በርትተህ ሥራ፤ ሥራህ ራሱ ይናገርልሃል።» ይህችን ቃል እንደ ክታብ አንገቴ ላይ አስሬ አሥራ አንድ ዓመት ሠራሁ።

አንድ ጊዜ ምን ሆነ፣ ሆስፒታሉ ዕቃ የሚገዛበት አንድ ድርጅት በመዝገባችን ላይ በሁለት ስም ገብቶ ኖሯል። በዚህ ሳቢያ አንዱ ሂሳብ ሁለት ጊዜ ይከፈል ነበር። ማንም አላየውም። እኔ አየሁት። ዝም ብዬ ቅዳሜና እሁድ ቤቴ ተቀምጬ፣ የሂሳቡን ቁጥር፣ ቀኑንና የገንዘቡን ልክ እያመሳከረ ተደጋጋሚውን የሚለይ ሰንጠረዥ በኤክሴል ሠራሁ። ሰኞ ጠዋት ለጓደኞቼ አደልኩ። ሁሉም ይጠቀምበት ጀመር። ከወራት በኋላ በስብሰባ ላይ «ክፍሉ ያዘጋጀው አዲስ አሠራር» ተብሎ ሲመሰገን፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ ወረቀቴን እመለከት ነበር። ደስ አለኝ እንጂ አልተቀየምኩም። «ይኸው ሥራዬ እየተናገረልኝ ነው» አልኩ በልቤ።

ተናግሮልኝ ኖሯል እንዴ? የክፍሉ ኃላፊነት ቦታ ክፍት ሆነና ሥራውን ከእኔ ለተማረ ወጣት ተሰጠ። ሦስት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በአራተኛው ቀን እንደምንም ደፍሬ አለቃዬን ለምን እንደታለፍኩ ጠየቅኋት። ሴትዮዋ ከልቧ ደነገጠች። «አንተ ቦታውን እንደምትፈልግ አላወቅሁም። አንድ ቀን እንኳ ነግረኸኝ አታውቅም። ደግሞስ ባለህበት ደስተኛ ትመስለኝ ነበር» አለችኝ። ስለ ሰንጠረዡ ባነሳባት፣ የእኔ ሥራ መሆኑን ያን ዕለት ነው የሰማችው።

በዚያ ምሽት በአሥር ቁጥር ፍሪዌይ ስነዳ የማልከሰው ሰው አልነበረም። ቀለሜ ነው አልኩ፤ አነጋገሬ ነው አልኩ፤ ስደተኛ መሆኔ ነው አልኩ። ፌርፋክስ ወርጄ ቡና ቤት ስገባ፣ ዕድሜ ልካቸውን በነርስነት ሠርተው ጡረታ የወጡ አንዲት እናት አገኘሁ። ፊቴን አይተው «ምን ሆነሃል?» አሉኝ። ዘርዝሬ ነገርኳቸው። ሲኒያቸውን አስቀምጠው እንዲህ አሉ፦

«ልጄ፣ ያልከው ሁሉ ሊኖርበት ይችላል። እኔም አይቼዋለሁ። ግን አንድ ልጠይቅህ። አገራችን ዝም ያለ ሰው ጨዋ ይባላል። እዚህ ዝም ያለ ሰው ምን ይባላል?»

«ምን ይባላል እትዬ?»

«ምንም አይባልም። አይታይማ!»

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ብዙ አሰብኩበት። ስለ ራስ መናገር የእኛ ባህል አይደለም እንላለን። እውነት ነው ወይ? አባቶቻችን ሹመት ወይም ርስት ሲፈልጉ ደጅ ይጠኑ ነበር። ደጅ መጥናት ማለት ከባለሥልጣኑ ደጃፍ ቆሞ፣ ወራት ቢፈጅም ዓመት ቢፈጅ፣ «አለሁ፣ ጉዳይ አለኝ» ብሎ መታየት ነው። ጦረኛውም ከዘመቻ ሲመለስ ግዳዩን ጥሎ፣ በጌታው ፊት ይፎክር ነበር። ማንን እንደገጠመ፣ የት እንደዋለ፣ ምን እንደማረከ በአደባባይ ይዘረዝራል። አብሮት የዋለ ጦረኛ ደግሞ በዚያው ቆሞ ይሰማዋል፤ ውሸት ቢናገር የሚያሳፍረው አጠገቡ ነው። ስለዚህ እኛ ዝምታን ብቻ የምናውቅ ሕዝብ አይደለንም። ፉከራ ቦታ አለው፣ ጊዜ አለው፣ ምስክር አለው። ያለ ምስክር ሲሆን ነው ጉራ የሚባለው። የፈረንጅ መሥሪያ ቤት በየዓመቱ የሚያደርገው የሥራ ግምገማስ ከዚህ በምን ይለያል? ግዳይህን ይዘህ ቅረብ ነው የሚልህ። እኛ ግን ባዶ እጃችንን ገብተን «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉም ደህና ነው» ብለን እንወጣለን።

ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማን አስቡ። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እንዶዱ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል በምርምር አረጋገጡ። ታዲያ ዓለም ወዲያው አጨበጨበላቸው? አላጨበጨበም። ግኝቱ የወጣው ከድሃ አገር ቤተ ሙከራ በመሆኑ ለረጅም ዓመታት በጥርጣሬ ታየ። ሰውየው ግን ሥራዬ ይናገርልኛል ብለው አልተቀመጡም። ጻፉ፣ ተከራከሩ፣ ማስረጃ አቀረቡ። ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ከግኝቱ እስከ ሽልማቱ ሃያ አምስት ዓመት ነው። ፕሮፌሰሩ በ1997 አረፉ። የእንዶድን ጉልበት ለዘመናት ሲጠቀሙበት የኖሩትን የአጣቢዎቹን ሴቶች ስም ግን ማን መዘገበው?

ሩቅ ሳንሄድ የምንቀመጥበትን መንገድ እንይ። ኢትዮጵያውያን ፌርፋክስ ላይ ምግብ ቤትና ሱቅ ከፍተው ለዓመታት ሠርተዋል። ይሁንና «ሊትል ኢትዮጵያ» የሚለው ስም በከተማው ምክር ቤት የጸደቀው በ2002 ነው። ሽሮው ስለጣፈጠ ብቻ የመጣ ስም አይደለም። ይሰየምልን ብሎ የጠየቀ ሰው ስለነበረ ነው። በዚያው መንገድ ላይ ወይዘሮ ገነት አጎናፍር ከወጥ ቤቷ ሳትወጣ በገዛ እጇ ዶሮ ወጥ ስትሠራ ኖራለች። በ2007 የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘው የምግብ ሐያሲ ጆናታን ጎልድ ሥራዋን አድንቆ ጽፎላታል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ሴትዮዋ ምግብ ቤቱን የሰየመችው «ሚልስ ባይ ገነት» ብላ ነው፤ የገነት ምግቦች ማለት ነው። ዝምተኛ ብትሆንም ስሟን ከበሩ በላይ ጽፋለች።

እኔም ስሜን መጻፍ ጀመርኩ። ጠባዬን ግን አልለወጥኩም፤ ዛሬም ጮክ ብዬ መናገር አልወድም። ያደረግሁት ይህን ብቻ ነው። ዘወትር ዓርብ ከመውጣቴ በፊት የሳምንቱን ሥራ በሁለት መስመር እመዘግባለሁ፤ ምን ተበላሽቶ እንደነበር፣ ምን እንዳደረግሁ፣ ስንት ዶላር እንደዳነ። በወሩ መጨረሻ አጠር አድርጌ ለአለቃዬ እልካለሁ። የረዳኝን ሰው ስም ሳልጽፍ አልልክም፤ እሱ ነው ምስክሬ። ስብሰባ ሲኖር አንድ ነጥብ ከቤቴ አዘጋጅቼ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች እናገራለሁ፤ ከቆየሁ ልቤ ይከዳኛል። ከሁሉ በላይ ግን የምፈልገውን ቦታ በግልጽ፣ ስሙን ጠርቼ ነገርኳት።

ሕጉንም ማወቅ ደግ ነው። በካሊፎርኒያ ሠራተኛ ስለ ደመወዙ ከባልደረባው ጋር እንዳይነጋገር አሠሪው ሊከለክለው አይችልም። ከ2023 መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ ሠራተኛ የያዘው የሥራ መደብ የደመወዝ እርከን ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ ሲጠይቅ አሠሪው ሊነግረው ግዴታ አለበት። የግል ማኅደሩንም በጽሑፍ ጠይቆ ማየት ይችላል። እኔ ማኅደሬን ጠይቄ ባየው፣ ስለ አሥራ አንድ ዓመቱ ሥራዬ የተጻፈው «ጸጥተኛ፣ አስተማማኝ» የሚል ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ለፈረስ የሚሰጥ ምስጋና ይመስላል።

መጨረሻው እንደ ፊልም አልሆነም። የኃላፊነቱን ቦታ እስካሁን አላገኘሁም። በሁለተኛው ዓመት ግን የደረጃ ዕድገትና የደመወዝ ጭማሪ አገኘሁ፤ አዲስ አሠራር ሲታሰብ ከሁሉ በፊት የምጠየቀው እኔ ሆንኩ። ቡና ቤት ውስጥ «ጉረኛ ሆነ» ብለው ያሙኝ ወዳጆችም አሉ። ይሁን፣ «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ያሉት አባቶቻችን እንጂ ፈረንጆች አይደሉም።

በቅርቡ በስብሰባ ላይ አንድ ሥራ «ክፍሉ ያዘጋጀው» ተብሎ ሲመሰገን ሰማሁ። ጥግ ላይ የተቀመጠች፣ ከጓቲማላ የመጣች ልጅ አንገቷን ደፍታ ወረቀቷን ትመለከታለች። አቀማመጡን አወቅሁት። እጄን አነሳሁና «ይህን የሠራችው እሷ ናት» ብዬ ስሟን ጠራሁ። ቀና አለች።

የአባቴን ምክር አልጣልኩትም። በርትቶ መሥራቱ እንዳለ ነው። ሥራ ግን አፍ የለውም፤ የሚናገርለት ባለቤት ይፈልጋል። ባለቤቱ ያፈረ እንደሆነ ደግሞ ጎረቤቱ ይናገርለት።