እግራችን ሥር ያለው ቀይ አፈር

በገበያ ቀን ከአምቦ ወደ ጉደር ወይም ወደ ጊንጪ በሚወስደው መንገድ የተጓዘ ሰው፣ ያበጠ እግራቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ዳር ዳሩን ቀስ እያሉ የሚሄዱ ሰዎችን ሳያይ አይቀርም። አብዛኞቻችን «ዝሆኔ ነው» ብለን እናልፋለን። አንዱ «ይጋባል» ብሎ ይርቃል፣ ሌላው «የዘር ነው» ይላል፣ እርግማን ነው የሚልም አይጠፋም። የታጨች ልጅ ሽማግሌ የሚመለስባት፣ በማኅበር ቤት መቀመጫ የሚለየው በዚህ ወሬ ነው።

በምዕራብ ሸዋ ሚዳ ቀኝ ወረዳ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ጉዳዩን በደም ምርመራ ፈትሾታል። ትንኝ የምታስተላልፈው ትል የሚያመጣው የዝሆኔ ዓይነት አለ፤ በወረዳው የተገኘው ግን እሱ አልነበረም። ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው፣ ከሰው ወደ ሰው ፈጽሞ የማይተላለፈው ሕመም ነው። መጋራት የሌለብን ዕቃም ሆነ መራቅ ያለብን ሰው የለም።

ስሙን ያወጣለት በአገራችን የሠራው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው፤ «እግር» እና «አቧራ» ከሚሉ የግሪክ ቃላት። ፕራይስ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የታማሚዎችን ንፍፊት ሲመረምር የአፈር ማዕድን ቅንጣቶችን አገኘ። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው ቀይ አፈር ደቃቅ ቅንጣቶች በባዶ እግር ለዓመታት ሲረገጡ በቆዳ ዘልቀው ይገባሉ፤ የሰውነትን ፈሳሽ የሚመልሱት ቀጫጭን ቧንቧዎች ይቆጣሉ፣ ይጠባሉ፣ እግርም ያብጣል። ቅዳሜና እሁድ ለሽርሽር የምንሄድባቸው ወንጪና ደንዲ የእሳተ ገሞራ ሐይቆች መሆናቸውን ላስታወሰ ሰው፣ አፈሩ ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ አያስፈልገውም።

ታዲያ አንድ ማሳ ከሚያርሱ ጎረቤታሞች አንዱ ሲታመም ሌላው ለምን ይተርፋል? እዚህ ላይ «የዘር ነው» የሚሉት ግማሽ እውነት አላቸው። የታማሚ ወንድም ወይም እህት የመታመም ዕድል ከሌላው ሰው አምስት እጥፍ ገደማ ነው። በወላይታ 194 ታማሚዎችንና 203 ጤነኞችን ያነጻጸረው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የፋሲል ተኮላና የባልደረቦቹ ጥናት ደግሞ ልዩነቱን የሰውነት መከላከያን በሚመሩ ጂኖች ላይ አገኘው። ግን ጂን ብቻውን ማንንም አያሳምምም፤ አፈሩን ካልነካ እግሩ አያብጥም። ለጋብቻ ማፍረሻ የሚሆን ምክንያት ከዚህ ውስጥ አይወጣም።

ከበደ ደሪቤና ባልደረቦቹ ሳተላይት ከሰማይ የሚመዘግበውን ሙቀትና የዕፅዋት ሽፋን ከዝናብና ከመሬት ከፍታ ጋር አቀናጅተው የአገሪቱን ካርታ ሠሩ። በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ የሚዘንብበት ደጋና ወይና ደጋ ጎልቶ ወጣ። ወደ 35 ሚሊዮን ሕዝብ የሚኖረው ለሕመሙ በተጋለጠ መሬት ላይ ነው፤ ታማሚ አዋቂዎች ደግሞ ወደ 1.5 ሚሊዮን ተገምተዋል።

ሕክምናው የሚያስገርም ቀላልነት አለው። በምሥራቅ ጎጃም 696 ታማሚዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ እግርን በየቀኑ በሳሙናና በፀረ ተሕዋስያን መታጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ የእግር እንቅስቃሴ፣ ካልሲና ጫማ ምን ያህል እንደሚረዱ ለካ። ሰው አልጋ ላይ የሚጥለው ትኩሳትና ሕመም የሚነሳበት ጊዜ በአንድ አምስተኛ ገደማ ቀነሰ። ሥራዬ ማስታወቂያ ነውና ልናገር፦ የጫማ ማስታወቂያዎቻችን ስለ መልክና ስለ ፋሽን ብቻ ያወራሉ፤ ጫማ ሕመም ይከላከላል ብሎ የሸጠ ግን አላየሁም።

አያቶቻቸው ዘንድ ሄደው ሁለት ቀን በባዶ እግር የሮጡ ልጆቻችሁ አያሳስቧችሁ፤ ሕመሙ የዓመታት ነገር ነው። እዚያው የሚኖሩት የአክስትና የአጎት ልጆች ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። ለበዓል ስትሄዱ ከስኳሩና ከዘይቱ ጋር ሽፍን ጫማ ያዙላቸው፤ ክፍት ሰንደል አፈሩን አያግድም። ቁጥራቸውን አስቀድማችሁ በስልክ ጠይቁ፣ ትንሽ ሰፋ ያለውን ግዙ። ከቤተሰቡ አንዱ የእግሩ ጣት ማሳከክ ወይም ማታ ማታ እብጠት ከጀመረው በጊዜው ጤና ጣቢያ ይታይ፤ በጅምሩ የተያዘ እብጠት ሊመለስ ይችላል።