ከማስኩ በፊት መስኮቱ፦ የጤና ባለሙያ ከቲቢ እንዴት ይጠበቅ?

ከነርሶች፣ ከላብራቶሪ ባለሙያዎችና ከተማሪዎች በተደጋጋሚ የሚደርሰኝ ጥያቄ አለ። «ቲቢ ክፍል ልመደብ ነው፤ ቤቴ ሕፃን ልጅ አለ። ማስክ ካደረግሁ ይበቃኛል ወይ?» የሚል ነው። ነገሩ ባለሙያውን ብቻ ሳይሆን ታካሚውንም ቤተሰቡንም ስለሚነካ ዛሬ ለሁላችሁም በሚሆን መልኩ ልመልሰው።

አጭሩ መልስ፦ አይበቃም። ማስክ የመጨረሻው መከላከያ ነው። ደግሞም ብዙ ሰው ከሚያስበው በተቃራኒ፣ ቲቢ ክፍል ተመዝግቦ መድኃኒቱን በአግባቡ የሚውጠው ታካሚ ያን ያህል አያስፈራም። ለያዘው ቲቢ ትክክለኛው መድኃኒት ከተጀመረለት በኋላ የማስተላለፍ አቅሙ በፍጥነት ይወርዳል። የሚያስፈራው ገና ቲቢ እንዳለበት ያልታወቀው፣ ካርድ ለማውጣት ተሰልፎ የሚያስለው ሰው ነው። ለእሱ ማንም ማስክ አላደረገም፤ ማንም አላወቀማ!

እስቲ የዚህን ሰው መንገድ እንከተለው። እንበል አንድ የደምቢያ ገበሬ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ሲያስለው «ብርድ ነው ይለቀኛል» ብሎ ቆይቷል፤ ክብደቱ ቀንሷል፣ ሌሊት ያልበዋል። ሲብስበት ወደ ከተማ ወጣ። ኮላ ድባም ይሁን ጎንደር፣ ባሕር ዳርም ይሁን አዲስ አበባ፣ ጤና ተቋም ውስጥ የሚጠብቀው መንገድ ይመሳሰላል። በር ላይ ጥበቃው ይፈትሸዋል። ካርድ ክፍል ይሰለፋል። አግዳሚ ወንበር ላይ ሕፃን ካቀፈች እናት ጎን ይቀመጣል። ሐኪም ያየውና ላብራቶሪ ይልከዋል፤ እዚያም ወረፋ አለ። ራጅ ከታዘዘለት ሌላ ወረፋ። አክታው ተመርምሮ «ቲቢ ነው» እስኪባል ድረስ ስንት ሰው አየሩን ተጋራው? ጥበቃው፣ የካርድ ሠራተኛዋ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ተለማማጅ ተማሪው ሁሉ አሉበት። «የጤና ባለሙያ» ስንል ነጭ ጋውን የለበሰውን ብቻ የምናስብ ከሆነ ግማሹን ሰው ረስተነዋል።

ቲቢ በአየር ነው የሚተላለፈው። የሳንባ ቲቢ ያለበት ሰው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ፣ ሲዘፍንም ጭምር ባክቴሪያውን የያዙ ከ1 እስከ 5 ማይክሮን የሚሆኑ ብናኞች ይወጣሉ። በዓይን አይታዩም፤ ከመቅለላቸው የተነሳ መሬት ላይ ቶሎ አያርፉም፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለሰዓታት ይንሳፈፋሉ። ስለዚህ ያሰለው ሰው ወጥቶ ከሄደ በኋላ የገባም ሰው ሊተነፍሳቸው ይችላል። በአንጻሩ ደግሞ ቲቢ በብርጭቆ፣ በጉርሻ፣ በእጅ መጨባበጥ ወይም በጋውን ጨርቅ አይተላለፍም። ቲቢ የያዘውን ሰው ሳህንና ማንኪያ ለይቶ መስኮቱን መዝጋት፣ ዋናውን ትቶ በማይመለከተው መድከም ነው። (ይህን ስል የሚቆጡኝ እናቶች አሉ፤ ግን እውነቱ እንዲህ ነው።)

ባክቴሪያው የገባበት ሁሉ ወዲያው አይታመምም። አብዛኛው ሰው ውስጥ ተኝቶ ይቀራል፤ ከእነዚህ ከ100 ሰው ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ ይታመማሉ። ኤችአይቪ፣ ስኳር ወይም የምግብ እጥረት ካለ አደጋው ከፍ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ 10.8 ሚሊዮን ሰዎች በቲቢ ታመዋል፣ 1.25 ሚሊዮን ሞተዋል። አገራችን ደግሞ ከፍተኛ የቲቢ ጫና ካለባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት።

እና ምን ይደረግ?

መጀመሪያ፣ በር ላይ አንድ ጥያቄ፦ «ሳል አለዎት? ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ሆነው?» ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከሆነ ሰውየው ከሰልፉ ወጥቶ ማስክ ይሰጠዋል፣ ደጅ ወይም በረንዳ ላይ ይቀመጣል፣ በቅድሚያ ይታያል፣ አክታው ቶሎ ወደ ጂን ኤክስፐርት ይሄዳል። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ጥያቄውን ጠዋት ጠዋት የሚጠይቅ አንድ ሰው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለውም እሱ ነው።

ለታካሚው የሚሰጠው ተራው የሕክምና ማስክ ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተሠራ አንድ ጥናት ይገርመኛል። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ያለባቸው ታካሚዎች ከተኙበት ክፍል የሚወጣው አየር ጊኒ ፒግ የተባሉ ትናንሽ እንስሳት ወዳሉበት ቤት እንዲገባ ተደረገ፤ አንዱ ቡድን ታካሚዎቹ ማስክ ባደረጉባቸው ቀናት፣ ሌላው ባላደረጉባቸው ቀናት የወጣውን አየር እንዲተነፍስ። ማስክ በሌለበት ከ90 እንስሳት 69ኙ ተያዙ። ማስክ ሲደረግ ከ90ው 36ቱ። ማስኩ ከምንጩ ሲያዝ ብዙ ይቀንሳል፤ ግን እንዳያችሁት 36ቱ ተይዘዋል። ስለዚህ አየሩ ራሱ መቀየር አለበት።

እዚህ ላይ ነው መስኮቱ የሚመጣው። የፔሩ ዋና ከተማ ሊማ ውስጥ በ8 ሆስፒታሎች የተካሄደ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት አለ። መስኮትና በር ሲከፈት የክፍሎቹ አየር በሰዓት 28 ጊዜ ያህል ይቀየር ነበር፤ በማሽን አየር የሚቀየርላቸው ክፍሎች ግን 12 ጊዜ። ከሁሉም የበለጡት ደግሞ ከ1950 በፊት ጣሪያቸው ከፍ ብሎ፣ መስኮታቸው ሰፍቶ የተሠሩት አሮጌ ሕንፃዎች ነበሩ፤ 40 ጊዜ! ዝቅ ያለ ጣሪያና ጠባብ መስኮት ያላቸው አዳዲሶቹ 17። አሮጌ ጤና ጣቢያ አፍርሰን በመስታወት የታሸገ ሕንፃ ስንሠራ ይህን የሚያስብ መሐንዲስ ብናገኝ ደስ ይለኛል።

በእኛ አገር ግን መስኮት መክፈት ቀላል አይደለም። ጎንደርና ደጋው ላይ «ብርድ ይመታዋል» ብሎ አስታማሚው ይዘጋዋል። ነርሷ ትከፍታለች፣ አስታማሚው ይዘጋል፣ ስትመለስ ትከፍታለች። ኮላ ድባ ላይ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ፦ ቢንቢው። ይህንን መናቅ አይቻልም። የደምቢያ ሜዳ ጣና ዳር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ወደ 7 ሺህ የሚጠጋ ሰው ፈጅቷል። በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እንዲከፈት ካደረጉት ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነበር፤ የኮላ ድባ ጤና ጣቢያም የኮሌጁ ተማሪዎች መሠልጠኛ ሆኖ አገልግሏል። እና እዚህ አካባቢ «መስኮት ክፈቱ» የሚል ሐኪም ወባውንም አብሮ ማሰብ አለበት።

ሁለቱ ግን አይጋጩም። የወባ ትንኝ በዋናነት የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው፤ የተመላላሽ ታካሚ ወረፋ ደግሞ ቀን ነው። ቀን ተመላላሽ ክፍል፣ ካርድ ክፍልና ላብራቶሪ መስኮታቸው የሚዘጋበት ምክንያት የለም። ሌሊት ታካሚ የሚያድርበት ክፍል የወንፊት ሽቦ ይደረግለት፣ አልጋው ላይ አጎበር ይንጠልጠል። ወንፊት ነፋሱን ትንሽ ይቀንሰዋል፤ ከተዘጋ መስታወት ግን በብዙ ይሻላል። ደጋ ከሆነ ለታካሚው ተጨማሪ ብርድ ልብስ ስጡት።

ሌላም ነፃ ነገር አለ። ወንበራችሁን አዙሩ። ነፋሱ ከእናንተ ጀርባ ገብቶ በታካሚው በኩል እንዲወጣ አድርጋችሁ ተቀመጡ። አየሩ በሰዓት 2 ጊዜ ብቻ የሚቀየር የታፈነ ክፍል ውስጥ ከብናኙ 99 በመቶው እስኪወጣ 138 ደቂቃ ይፈጃል፤ 12 ጊዜ የሚቀየር ከሆነ 23 ደቂቃ። አክታ የሚሰጠው ደጅ ነው የምንለውም ለዚህ ነው፤ ሽንት ቤት ውስጥ ሂድና አውጣ ማለት ቀጥሎ ለሚገባው ሰው ማስቀመጥ ነው።

ኤን-95 ማስክ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል። ፊት ላይ ገጥሞ ካልተጣበቀ ጥቅሙ ይቀንሳል፤ ጢም ካለ ደግሞ በጎን ይገባል። ተራው የሕክምና ማስክ ታካሚው እንዳይረጭ ነው እንጂ እናንተን ከቲቢ ብናኝ በበቂ አይከላከልም። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ የሚታከምበት ክፍል ለሚሠራ፣ ሳል የሚያስነሳ ምርመራ ለሚሠራ ሰው ኤን-95 ግዴታ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ፦ የሚያስለው ባለሙያው ራሱ ሲሆን።

ሙያችን ውስጥ መጥፎ ልማድ አለ። ነርሷ ሦስት ሳምንት ስታስል «ተረኛነት በዝቶብኝ ነው» ትላለች። ሐኪሙ ከፋርማሲ ጓደኛው አንቲባዮቲክ ተቀብሎ ይውጣል። ሌቮፍሎክሳሲንና መሰሎቹ ለቲቢም የሚሠሩ ናቸው፤ ሳይመረመሩ ሲወሰዱ ምልክቱን ለጊዜው ያለዝቡና ምርመራውን ያዘገዩታል። ያ ሁሉ ሲሆን ባለሙያው ታካሚ እያየ፣ ማታ ልጁን አቅፎ እየተኛ ነው። ለምን አይመረመርም? ስም መጥፋትን ይፈራል። ቲቢ እንደያዘው ከተሰማ ተማሪዎቹ ይሸሹታል፣ ጎረቤት ከኤችአይቪ ጋር ያያይዝበታል ብሎ ያስባል።

ደቡብ አፍሪካዊቷ ሐኪም ዳሊን ቮን ዴልፍት መድኃኒት በተላመደ ቲቢ የተያዘችው በሥራዋ ላይ ሳለች ነው። ድና፣ ከሙያ ጓደኞቿ ጋር በሥራ ላይ ስለሚያዙ ባለሙያዎች በአደባባይ ትናገራለች። በእኛም አገር ለዚህ ዓይነቱ ቲቢ ሕክምና አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 አዲስ አበባ ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ተጀምሮ ቀጥሎ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ገብቷል። የተለመደው ቲቢ ደግሞ በ6 ወር መድኃኒት ይድናል። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ያሳላችሁ ባለሙያ ሁሉ፣ አክታችሁን አስመርምሩ፤ ለአለቃችሁም ንገሩ። ተቋሙም ሪፖርቱን በሥራ ላይ እንደደረሰ ጉዳት መዝግቦ ቢይዘው ነው ተገቢው፤ ካልተመዘገበ ለመስኮትም ለማስክም በጀት የሚጠይቅ ማስረጃ አይኖርም።

ሕፃን ልጅ ላላት ጠያቂያችን፦ ጤነኛ እስከሆንሽ ድረስ ከሥራ መልስ ልጅሽን ማቀፍና ማጥባት ትችያለሽ። ሲወለድ የተሰጠው የቢሲጂ ክትባት ሕፃናትን ከከባዱ የቲቢ ዓይነት ይከላከላል፤ አንቺን ግን ከሳንባ ቲቢ ይጠብቀኛል ብለሽ አትተማመኚበት። ቤት ውስጥ የሳንባ ቲቢ የተገኘበት ሰው ካለ ግን ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ ተመርምሮ፣ ቲቢ ከሌለበት የመከላከያ መድኃኒት ይጀምራል።

ስለ መርፌም በአጭሩ። በሥራ ቦታ ቲቢ ብቻ አይደለም ያለው። ክትባት ያልወሰደ ሰው ሄፓታይተስ ቢ ባለበት ደም መርፌ ቢወጋው የመያዝ ዕድሉ ከ6 እስከ 30 በመቶ ነው፤ ኤችአይቪ 0.3 በመቶ ያህል። ሁሉም የሚፈራው ኤችአይቪን ነው፤ የሄፓታይተሱን ክትባት ግን ሦስቱንም ዙር የጨረሰ ስንቱ ነው? የጽዳት ሠራተኞችም ሊከተቡ ይገባል፤ ተራ ቆሻሻ ውስጥ የተጣለ መርፌ መጨረሻ የሚያገኘው የእነሱን እጅ ነው። የተጠቀማችሁበትን መርፌ ክዳኑን አትመልሱበት፤ ወዲያው ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ጣሉት።

ከተወጋችሁ ቦታውን በውኃና በሳሙና እጠቡት፤ አትጭመቁት፣ በረኪና አታፍሱበት። ከዚያ በቀጥታ ለተረኛው ኃላፊ ተናገሩ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱ በሰዓታት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል፤ ከ72 ሰዓት ካለፈ አይሰጥም፣ ከተጀመረም ለ28 ቀን ይወሰዳል። ሌሊት ነው፣ እሑድ ነው ብላችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ።