መቱን ፈልጎ አንካራ መግባት

በላቲን ፊደል «መቱ» ብሎ ጉግልን የጠየቀ ሰው ኢሉባቦር እደርሳለሁ ሲል አንካራ ይገባል። ቱርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1956 የተመሠረተው የመካከለኛው ምሥራቅ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ስሙ ሲያጥር አራት ፊደላት ይሆናል፤ አራቱ ተገጣጥመው ሲነበቡ «መቱ» ይላሉ። ዩኒቨርሲቲው ከስድሳ ዓመት በላይ የተጠራቀመ ምርምር አለው፤ ከመላው ዓለም ወደ ገጾቹ የሚጠቁሙ ሊንኮችም ሞልተዋል። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው የኢሉባቦር ከተማ መቱ በዚህ ፉክክር ትቀድማለች ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የተመሠረተው የእኛው መቱ ዩኒቨርሲቲ በላቲን ሲጻፍ «ቲ»ን ይደግማል፤ የድረ ገጹ አድራሻም ኤም፣ ኢ፣ ዩ በሚሉ ሦስት ፊደላት ይጀምራል። ግን ምን ያደርጋል፣ በዮርዳኖስ ዋና ከተማ አማን ውስጥ ያለ ሌላ ዩኒቨርሲቲም በእነዚሁ ሦስት ፊደላት ይጠራል!

የኢሉባቦሯ ጎሬም የተሻለ ዕድል የላትም። ራስ ተሰማ ናደው የገዙባት፣ ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲይዝ በራስ እምሩ የሚመራው መንግሥት የተቀመጠባት ይህች ታሪካዊ ከተማ በላቲን ስትጻፍ ከቀድሞው የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ከአል ጎር፣ ዝናብ ከማያስገባ የጃኬት ጨርቅና ከአንዲት የኒውዚላንድ ከተማ ጋር ትጋፋለች። በአማርኛ ቢጻፍስ? ቡሬን ይሞክሩ። ከጎሬ ወደ ጋምቤላ በሚወስደው መንገድ ያለው ቡሬ ከጎጃሙ ቡሬ ጋር በፊደል አይለይም፤ የጎጃሙ ደግሞ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ስላለው ዜናው ብዙ ነው።

ለስም መመሳሰል ጥፋተኛ የለም። ጥያቄው የኢሉባቦር ሆቴል፣ የቡና ማኅበር፣ ኮሌጅ ወይም የወረዳ ጽሕፈት ቤት ድረ ገጽ ሲያሠራ ለመፈለጊያው ማሽን «እኔ ያኛው አይደለሁም፣ ይኼኛው ነኝ» የሚልበት ቦታ ማስቀመጥ አለማስቀመጡ ነው። አሠሪዎች መጀመሪያ የሚጨነቁት ስለ ቀለም፣ ስለ አርማና ስለሚንሸራተቱ ፎቶዎች ነው። ማሽኑ በበኩሉ ገጹን ሲጎበኝ በዋናነት የሚለቅመው ጽሑፍ ነው፤ የገጹን ርዕስ፣ ንዑስ ርዕሶቹን፣ አንቀጾቹን፣ ከፎቶ ጋር የተያያዘውን መግለጫና የሊንኮቹን ቃላት።

ከእነዚህ ሁሉ በትንሽ ድካም ብዙ የሚያስገኘው የገጹ ርዕስ ነው፤ በፍለጋው ውጤት ላይ በሰማያዊ ቀለም ጎልቶ የሚታየው መስመር ማለት ነው። መቱ ላይ አንድ ፔንሲዮን ድረ ገጽ አሠራ እንበል። ሠሪው ከተዘጋጀ ቅርጽ ላይ ገልብጦ ርዕሱን «ሆም» ብሎ ትቶታል። ከውስጥ ገብቶ ያየው ሰው ገጹ ያማረ ነው ይላል። ከውጭ ለሚፈልገው ግን «ሆም» የሚል ርዕስ ያላቸው ገጾች በዓለም ላይ ስፍር ቁጥር የላቸውም። ያው ገጽ ርዕሱ «መቱ ከተማ፣ ኢሉባቦር፦ የማረፊያ ክፍሎች ዋጋና ስልክ» ቢሆን ማሽኑም ከተማዋን ይለያል፤ ከበደሌ መንገድ ላይ ሆኖ ማደሪያ የሚፈልገው ሾፌርም ሳይከፍተው የሚፈልገው እዚያ መኖሩን ያውቃል። ሥራው ከአምስት ደቂቃ አያልፍም፤ የሚገርመው ይህን የሚያደርገው ሰው ማነሱ ነው።

ቀጥሎ የአጻጻፍ ጣጣ ይመጣል። ኢሉባቦር፣ ኢሊባቦር፣ ኢሉ አባቦር፣ ኢሉ አባቦራ፤ ሁሉም በጋዜጣና በመጽሐፍ ላይ ይገኛሉ። በላቲን ሲሆን ደግሞ በቁቤና በድሮው የእንግሊዝኛ ልማድ መካከል ሌላ እጥፍ ይጨመራል። «ዩኒቨርሲቲ» እና «ዩኒቨርስቲ»ም እንደዚሁ ናቸው። ጉግል በእንግሊዝኛ የተሳሳተ አጻጻፍን ማቃናት ከተካነ ቆይቷል፤ በአማርኛ ያን ያህል አይታመንም። መፍትሔው አንዱን መደበኛ አጻጻፍ ይዞ በየገጹ ሳይለዋውጡ መጠቀም፣ ሌሎቹን ደግሞ ስለ አካባቢው በሚያወራው ገጽ ላይ በተፈጥሯዊ አረፍተ ነገር አንድ ጊዜ ማንሣት ነው። ከገጹ ግርጌ የቃላት ክምር መደርደር ወይም ነጭ ጽሑፍ በነጭ ላይ መደበቅ የሚሉት ብልሃት ጊዜው ያለፈበት ነው። ጉግል «ቁልፍ ቃላት» የሚባለውን ስውር መስመር ለደረጃ እንደማይጠቀምበት የተናገረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነበር፤ እስከ ዛሬ ለዚያ መስመር ገንዘብ የሚያስከፍሉ ሠሪዎች ግን አሉ።

ወደ ከባዱ ልምዳችን ልግባ። በየዓመቱ ትምህርት ሚኒስቴር አዲስ ተማሪዎችን ሲመድብ መቱን በካርታ እንኳ አይተው የማያውቁ ወጣቶች ስልካቸውን ይዘው መጠየቅ ይጀምራሉ። መቼ ነው የምንገባው? የስምንተኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሰርተፍኬት ከነኮፒው ይፈለጋል? ጉርድ ፎቶ ስንት? አንሶላና ብርድ ልብስ ይዘን ነው የምንሄደው? የመልሱ መንገድ በአገራችን ተቋማት ዘንድ አንድ ዓይነት ነው። ደብዳቤው ይታተማል፣ ይፈረምበታል፣ ማኅተም ያርፍበታል፣ በስልክ ፎቶ ይነሣል፣ ከዚያ ይለጠፋል። በገጹ ላይ ለዓይን የሚነበብ ማስታወቂያ አለ፤ ለማሽኑ ግን ያለው የፎቶ ፋይል ብቻ ነው፤ ስሙም ብዙውን ጊዜ ቁጥር ነው። ጉግል ስካን የተደረገ ሰነድን ለማንበብ ባይታክትም ራሱ ለድረ ገጽ ባለቤቶች የሚመክረው ዋናውን መልእክት በፎቶ ውስጥ እንዳያስቀምጡት ነው። ጠማማ ሆኖ የተነሣ፣ ማኅተሙ በፊደሉ ላይ የፈሰሰበት የአማርኛ ደብዳቤ ምን ያህል በትክክል እንደሚነበብ መገመት አያዳግትም።

ውጤቱ ይህ ነው፦ ደብዳቤውን ከፎቶው ላይ ገልብጦ የተየበ ማንኛውም የግል ገጽ ከተቋሙ ቀድሞ ሊገኝ ይችላል። ተማሪው የመግቢያ ቀኑን ከማያውቀው ሰው ይሰማል። ቀኑ ቢራዘም የገለበጠው ሰው የማረም ግዴታ የለበትም።

ማኅተሙን ንቀው የሚያልፉ ባለሙያዎች ግን ተሳስተዋል ባይ ነኝ። የሐሰት ማስታወቂያ በሚዞርበት አገር ሰው ማኅተም ማየት ይፈልጋል፤ ወላጅ ልጁን አውቶቡስ የሚያሳፍረው ማኅተሙን አይቶ ነው። ስለዚህ ምርጫው ከሁለት አንዱን መተው አይደለም። ቀኑ፣ ቦታውና የሚያዘው ዕቃ ዝርዝር በገጹ ላይ በጽሑፍ ይቀመጥ፤ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ደግሞ ከሥሩ ይያያዝ። የመጀመሪያው ለመገኘት፣ ሁለተኛው ለመታመን።

ከፎቶው የማይተናነስ ሌላ መጋረጃ አለ፤ የድሮው ፊደል። ኢትዮጵያዊው ፊደል በዩኒኮድ የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የግዕዝ ሶፍትዌሮች ፊደሎቻችንን የላቲን ፊደላትና ምልክቶች በተመደቡበት ቦታ ላይ ያሰፍሩ ነበር። በስክሪኑ «መቱ» የሚል ይታያል፤ ከውስጥ የተቀመጠው ግን ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ነው። ያ ዘመን አልፏል ያለ ሰው የመሥሪያ ቤቶችን የፒዲኤፍ ሪፖርቶች ይክፈት። በአሮጌ ፊደል የተተየበ ሰነድ ወደ ፒዲኤፍ ሲቀየር መልኩ አይለወጥም፣ ውስጡም አይድንም። የኢሉባቦሩን የያዩ ደን ለምሳሌ እንውሰድ፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የባዮስፌር ክልል ብሎ የመዘገበው፣ የዱር ቡና የሚበቅልበት ደን ነው። ስለ እሱ በአማርኛ የተጻፈ ጥሩ ጥናት በእንዲህ ዓይነቱ ፊደል ታትሞ ከሆነ «ያዩ ቡና» ብሎ የሚፈልግ ሰው መቼም አያገኘውም፤ ሰነዱ ውስጥ «ያዩ» የሚል ቃል የለምና።

አድራሻ ላይም አንድ ወጥመድ አለ። የገጹን ሊንክ በአማርኛ መጻፍ ደስ ይላል፤ ጉግልም ይቀበለዋል። ችግሩ ሊንኩ ተገልብጦ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ ነው። እያንዳንዱ የእኛ ፊደል ወደ ዘጠኝ ምልክት ሊዘረዘር ስለሚችል ሁለቱ የ«መቱ» ፊደላት የመቶኛ ምልክትና ቁጥር የተቀላቀለባቸው 18 ምልክቶች ይሆናሉ። ረጅም ርዕስ ከሆነማ ሊንኩ የስልኩን ስክሪን ይሞላዋል፤ ያየው ሰውም ቫይረስ ነው ብሎ ያልፈዋል። ለአድራሻ አጭር የላቲን ፊደል፣ ለርዕስና ለይዘት ሙሉ አማርኛ ቢሆን ይሻላል።

እስካሁን ያወራነው ስለ መገኘት ነው፤ የተገኘ ገጽ ደግሞ መከፈት አለበት። የኢሉባቦሩን ሶር ፏፏቴ የሚያስተዋውቅ ገጽ አምስት የሚንሸራተቱ ፎቶዎች አናቱ ላይ ደርድሯል እንበል። ከስልክ ካሜራ በቀጥታ የወጣ ፎቶ አራት ሜጋባይት ቢመዝን አምስቱ 20 ሜጋባይት ናቸው። መቶ ሜጋባይት ፓኬጅ የገዛ ሰው አንድ አምስተኛውን በአንድ ገጽ ጨረሰ ማለት ነው፤ ያውም ኔትወርኩ ከቻለ። ፎቶዎቹ ለስልክ ስክሪን በሚበቃ መጠን ተቀንሰው ቢጫኑ አምስቱም ከአንድ ሜጋባይት ባላለፉ፣ ውኃውም በዚያው ግርማው በታየ ነበር። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ጥናት ከሦስት ሰከንድ በላይ የሚያስጠብቅ ገጽን ከስልክ ጎብኚዎች 53 በመቶው ትተውት ይሄዳሉ ብሏል። የገጹ ትልቁ ክፍል በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይም ይመክራል። ፍጥነት በራሱ ደረጃ ላይ ያለው ክብደት ግን እንደሚወራው አይደለም፤ ለጥያቄው የሚስማማ መልስ የያዘ ዘገምተኛ ገጽ ባዶውን ፈጣን ገጽ ይቀድማል። ዘገምተኛው የሚጎዳው ጎብኚውን ነው።

ደግሞ ስለ ፊደል ቅርጽ፦ የላቲን ፊደል ገጾች ያማረ ቅርጽ ከኢንተርኔት እያወረዱ ይጠቀማሉ። የእኛ ፊደል በመቶዎች የሚቆጠር ስለሆነ ተመሳሳዩ ፋይል በጣም ይከብዳል። አሁን ያሉ ስልኮች የግዕዝ ፊደልን ይዘው ነው የሚመጡት፤ በእሱ መጠቀም ብቻ ይበቃል። ከዚያ ይልቅ መጠኑን ከፍ፣ የመስመሩን ርቀት ሰፋ ቢያደርጉ አንባቢ ያመሰግናል። ጉግል ገጾችን የሚመዝነውም በስልክ መልካቸው ነው፤ ወደዚህ አሠራር ጠቅልሎ መግባቱን እ.ኤ.አ. በ2023 አስታውቋል። በኮምፒውተር ላይ የሚታይ፣ በስልክ ላይ ግን ከገጹ የተወገደ አንቀጽ ካለ ለፍለጋ እንደሌለ ይቆጠራል።

የቋንቋው ጉዳይ ለኢሉባቦር ከሌላው ይብሳል። የመቱ ገጽ ቢያንስ አፋን ኦሮሞ፣ አማርኛና እንግሊዝኛ ያስፈልገዋል። የተለመደው አቋራጭ አናቱ ላይ ራሱ የሚተረጉም ቁልፍ መስቀል ነው። ቁልፉ ሲነካ ጽሑፉ ይቀየራል እንጂ አዲስ ገጽ አይፈጠርም፤ ማሽኑ የሚያውቀው አሁንም የመጀመሪያውን ቋንቋ ብቻ ነው። ጎብኚው ከየት አገር እንደመጣ ገምተው ቋንቋ የሚመርጡ ገጾችም አሉ። የጉግል ሮቦት በአብዛኛው ከአሜሪካ ስለሚመጣ ብዙውን ጊዜ እንግሊዝኛውን አይቶ ይመለሳል። ለእያንዳንዱ ቋንቋ የራሱ አድራሻ ያለው፣ ሰው የጻፈው ገጽ ካልተዘጋጀ ሌላው ሁሉ ለይስሙላ ነው። ሦስቱንም መሙላት የማይችል አንዱን አሟልቶ ቢጀምር ሦስት ባዶ ቤት ከመክፈት ይሻላል።

«ድረ ገጽ ምን ያደርጋል፣ ቴሌግራም አለን» የሚለው ክርክር እውነትነት አለው። ለሚያውቅዎት ደንበኛ ቴሌግራም ይበልጣል፤ ፈጣን ነው፣ ዳታም አይበላም። የማያውቅዎት ሰው ግን የቻናልዎን ስም ከየት ያመጣል? የኢሉባቦርን ቡና የሚፈልግ የውጭ ገዢ ወይም ወደ ሶር ለመሄድ ያሰበ ቤተሰብ የሚጀምረው ከፍለጋ ነው። ድረ ገጽ ለማሠራት አቅም የሌለው ፔንሲዮን እንኳ ጉግል ካርታ ላይ ስሙን፣ ስልኩንና ቦታውን በነጻ ማስመዝገብ ይችላል። ስሙ በታፔላው ላይ እንዳለው ይጻፍ እንጂ።

ለዚህ ሁሉ መፈተሻ የሚሆን ነገር በእጅዎ አለ። የራስዎን ድርጅት ገጽ በስልክ ይክፈቱ፤ ዋናውን መልእክት በጣትዎ ይዘው ይገልብጡና ለራስዎ በቴሌግራም ይላኩት። አልመረጥ ካለ ፎቶ ነው፤ ምልክት ሆኖ ከወጣ የድሮ ፊደል ነው። በሁለቱም ቢሆን ቀጣዩን ደብዳቤ ወደ ማኅተም ክፍል ከመውሰድዎ በፊት አንድ ሰው በዩኒኮድ ተይቦ ገጹ ላይ እንዲያስቀምጠው ያድርጉ።