የተላጠ ቀለም ጀርባ

ከመኪና ሞተር ላይ የረገፈ የቀለም ቅርፊት ስሕተቱ የት እንደተሠራ ይናገራል፤ ገልብጦ ጀርባውን ማየት ነው። ፊቱ ደብዝዞ፣ በጣት ሲዳሰስ እንደ ዱቄት የሚነሣ ከሆነ ቀለሙን የገደለው ሙቀት ነው። ቅርፊቱ ሳይደበዝዝ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሙሉውን ከተነሣና ጀርባው ላይ ቅባት ወይም የዝገት ብናኝ ከታየ ግን፣ ቀለሙ ከመጀመሪያውም ብረቱን አልያዘም። ሞተር ለማስቀባት የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ሙቀት የሚችለው ቀለም የቱ ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ለጭስ ማውጫው ይሠራል። ለሲሊንደር ብሎኩና ለቴስታታው ግን ከቀለሙ ዓይነት ይልቅ የብረቱ ገጽ አዘገጃጀት ይበልጥ ይወስናል።

ምክንያቱ ከቁጥሮቹ ይታያል። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ በደህናው ጊዜ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ የብሎኩ የውጭ ገጽም ከ100 ዲግሪ ብዙ አይርቅም። ይህን ሙቀት ማንኛውም ለሞተር የተሠራ ቀለም ይችለዋል። የሚከብደው የብረቱ እንቅስቃሴ ነው። ርዝመቱ 50 ሴንቲሜትር የሆነ አሉሚኒየም በ80 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 1 ሚሊሜትር ይረዝማል፤ ካስት አይረን ደግሞ የዚያን ግማሽ ያህል። ሞተሩ በተነሣና በቆመ ቁጥር ብረቱ ይለጠጣል፣ ይሰበሰባል። በደንብ የተጣበቀ ቀለም አብሮ ይሳባል፤ በመካከላቸው ቅባት ካለ ግን በጠርዝና በብሎን ዙሪያ መነሣት ይጀምራል፣ በዚያው ክፍተት እርጥበት ይገባና ዝገት ሥራውን ይጨርሳል። ካስት አይረን ደግሞ ገጹ ሸካራና ቀዳዳማ ስለሆነ ለዓመታት የጠጣውን ዘይት አንድ እጥበት አያወጣውም። ታጥቦ የደረቀ የሚመስለው ብረት ሲሞቅ ዘይቱን ይተፋል። ስለዚህ ማጠብ፣ ማሞቅ፣ እንደገና ማጠብ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ወይም በአሸዋ ንፋት ማሻከር፣ በመጨረሻም በባዶ እጅ አለመንካት ያስፈልጋል። በቤንዚን ማጠብ እሳት የሚጋብዝ ከመሆኑም በላይ የራሱን ቅሪት ይተዋል።

ጭስ ማውጫው ላይ ግን ታሪኩ ይለወጣል። ከሞተሩ ጋር የሚገናኘው ክፍሉ፣ ማኒፎልዱ፣ ሞተሩ ሲጨነቅ ከ600 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። የተለመደው ቀለም አጥንቱ የካርቦን ሰንሰለት ነው፤ በዚህ ሙቀት ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ይቃጠላል። ሙቀት ቻይ የሚባሉት ቀለሞች ሲሊኮን ሙጫ ይይዛሉ፤ አጥንታቸው ሲሊከንና ኦክስጅን ነው። ይህን ትስስር ለመበጠስ በሞል 450 ኪሎጁል ያህል ኃይል ሲያስፈልግ፣ ለካርቦን ትስስር 350 ያህል ይበቃል። ሙቀቱ ሲበረታ የሲሊኮኑ ካርቦናማ ክንፎች ይቃጠላሉ፤ የሚቀረው አሸዋ መሰል መረብ የአሉሚኒየም ቅንጣቶቹን አቅፎ ብረቱ ላይ ይቆያል። ብዙ የጭስ ማውጫ ቀለሞች ብርማ የሆኑትም ከዚህ የተነሣ ነው። ይህ ቀለም የሚበስለው በሙቀት ነው፤ በእጅ ሲነካ ደርቆ ቢገኝም 200 ዲግሪ አካባቢ እስኪሞቅ ድረስ ለስላሳ ነው፣ ቤንዚን ቢነካው ይለቃል። ማሞቁም ደረጃ በደረጃ፣ በመካከሉ እያቀዘቀዙ መሆን አለበት። አብዝቶ የተቀባ ቀለም ውስጡ የቀረው ቲነር በድንገት ሲተን ያብጣል፣ ይፈነዳል። ስለዚህ ሁለት ስስ ቅብ ከአንድ ወፍራም ይሻላል።

አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ ቀለም ሙቀት ያፍናል፣ ሞተር ባይቀባ ይሻላል የሚል። ስሌቱ ግን አይደግፈውም። 50 ማይክሮን ውፍረት ያለው ቅብ ከሰው ፀጉር ይቀጥናል፤ ሙቀትን የሚያግደውም ብረቱን ከቦ የሚገኘው ስስ የአየር ንጣፍ ከሚያግደው አንድ መቶኛ ያህሉን ብቻ ነው። እንዲያውም የተወለወለ አሉሚኒየም በጨረር መልክ የሚለቀው ሙቀት ከሚቻለው 10 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ብዙው ቀለም ግን ወደ 90 በመቶ ያደርሰዋል። በነፋስ የሚቀዘቅዝ የሞተር ብስክሌት ሲሊንደር ጥቁር መቀባቱ ስለዚህ አይጎዳውም። የሚጎዳው በክንፎቹ መካከል የሚጠራቀም ወፍራም ቀለምና ጭቃ ነው። ጋስኬት የሚያርፍበትና የባትሪ ኔጋቲቭ ሽቦ የሚታሰርበት ገጽ ግን ፈጽሞ መቀባት የለበትም።

ሌላው ይህ ሁሉ እውነት ከሆነ ርካሹ ቀለም ለምን አይበቃም ይላል። ንጽሕና ደካማ ሙጫን አያጠነክርም፤ ብሎኩ ላይ የሚፈስ ዘይትና ነዳጅ ያለሰልሰዋል፣ ማኒፎልዱ ላይ ደግሞ በመጀመሪያው ጉዞ ይቃጠላል። ተገላቢጦሹም እኩል እውነት ነው። የቀለሙ ቆርቆሮ ላይ «650 ዲግሪ» የሚለው ቁጥር ስለ ሙጫው የተነገረ ነው፤ የሚለካውም ታጥቦና ተሻክሮ በተዘጋጀ የብረት ሰሌዳ ላይ ነው። ያንን ሰሌዳ የሚመስል ገጽ ሳያዘጋጁ ቁጥሩን ብቻ የገዙ፣ ገንዘቡን የከፈሉበትን ቀለም ጀርባውን ገልብጠው ሲያዩ ዘይት ያገኙበታል።