የኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ለመምህራን የሚሰጠው አገልግሎት

አንድ ኮሌጅ በከተማ ሲቋቋም የሕዝቡ ዓይን አስቀድሞ የሚያርፈው በሕንፃው፣ ቀጥሎም በተማሪዎቹ ብዛት ላይ ነው። ቤተ መጻሕፍቱን ግን አብዛኛው ሰው ተማሪ ለፈተና የሚዘጋጅበት ጸጥ ያለ አዳራሽ አድርጎ ይቆጥረዋል። ሥራው ከዚህ የሰፋ ነው። ከሥራውም ዋነኛው ለመምህራን የሚሰጠው አገልግሎት ሲሆን፣ ይህ በጎደለበት ቦታ መምህሩ እርሱ ራሱ ተማሪ ሳለ የጻፈውን ማስታወሻ እየገለጠ ለማስተማር ይገደዳል። ጉዳቱም የሚታየው በመምህሩ ሳይሆን ከእጁ ወጥቶ ወደየወረዳው በሚላከው ሐኪም፣ መሐንዲስና አስተማሪ ላይ ነው።

በአገራችን የዚህ ሥራ ታሪክ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ጋር የተያያዘ ነው። ኮሌጁ በ1943 ዓ.ም. ተከፈተ። የቤተ መጻሕፍቱን ሥራ የመሩት ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ስለ ኢትዮጵያ የተጻፉትን መጻሕፍት ከማሰባሰባቸውም በላይ ሥዕሎችንና የባህል ዕቃዎችን ያከማቹ ነበር። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሲመሠረትና ሪቻርድ ፓንክኸርስት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሲሆኑ፣ ለተቋሙ ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም መነሻ የሆነው ይኸው ስብስብ ነው።

ለመምህራን ከሚሰጡት አገልግሎቶች የታወቀው ውሰት ነው። መምህር ከተማሪ ይልቅ ብዙ መጻሕፍትን ለረጅም ጊዜ እንዲወስድ ይፈቀድለታል። ይህም ተገቢ ነው፤ ትምህርት ማዘጋጀት በአንድ ሳምንት አያልቅምና። ሆኖም የተዋሰውን መጽሐፍ እንደ ግል ንብረቱ ከቢሮው መደርደሪያ ላይ ለዓመታት የሚያኖር መምህር አይታጣም። መጽሐፉ አልጠፋም ይባላል፤ ለሚፈልገው ለሌላው ሰው ግን ከጠፋ በምንም አይለይም። ስለዚህ በደንብ የሚሠራ ቤተ መጻሕፍት ሌላ አንባቢ በጠየቀ ጊዜ መጽሐፉን ከማንም እጅ የማስመለስ ሥልጣን ሊኖረው ይገባል።

ሁለተኛው አገልግሎት በተለምዶ ሪዘርቭ የሚባለው ነው። ሥልሳ ተማሪዎች ባሉበት ክፍል አንድ መጽሐፍ በሁለት ቅጂ ብቻ ቢገኝ፣ ቀድሞ የደረሱት ሁለቱ ወደ ቤታቸው ይወስዱትና የቀሩት ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። መምህሩ ግን ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ዝርዝሩን ካስረከበ፣ መጻሕፍቱ ከመደርደሪያ ተነሥተው በተረኛው ሠራተኛ ጠረጴዛ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ተማሪውም በፊርማ ለጥቂት ሰዓት ወስዶ እዚያው አንብቦ ይመልሳል። ነገሩ ሁሉ የተመሠረተው ዝርዝሩ በጊዜ በመድረሱ ላይ ነው። ፈተና ሊጀመር አሥር ቀን ሲቀረው የሚመጣ ዝርዝር ለማንም አይጠቅምም።

ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ምናልባትም ከሁሉ የሚከብደው ሥራ ግን የካታሎግ ሥራ ነው። የአውሮፓና የአሜሪካ ካታሎግ ጸሐፊን የሚያስገባው በቤተሰብ ስሙ ነው። ኢትዮጵያዊ ግን የቤተሰብ ስም የለውም፤ የአባቱን ስም ያስከትላል እንጂ። በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት ሀዲስ ዓለማየሁ በራሳቸው ስም «ሀዲስ» ተብለው መመዝገብ ሲገባቸው፣ ልማዱን ያላወቀ ባዕድ በአባታቸው ስም ያስገባቸዋል። ዓለም አቀፉ የካታሎግ ደንብ የኢትዮጵያ ጸሐፊ በራሱ ስም እንዲገባ የሚያዝ ቢሆንም፣ የመጽሔት ማውጫዎች ብዙ ጊዜ ይህን አይከተሉም። በዚህም የተነሣ የአንድ ሰው ሥራ በሁለት ቦታ ተከፍሎ ይገኛል።

ፊደሉም የራሱን ችግር ይጨምራል። ይኸው ስም በ«ሀ» ቢጻፍ ከመጀመሪያው፣ በ«ሐ» ቢጻፍ ከሦስተኛው፣ በ«ኀ» ቢጻፍ ደግሞ ከብዙ ፊደላት በኋላ ይውላል። ዓመተ ምሕረቱም እንዲሁ ነው። በኛ 1958 የተባለው ዓመት በፈረንጆች ከመስከረም ወር 1965 እስከ መስከረም ወር 1966 ስለሚደርስ፣ ልዩነቱ በዓመቱ መጀመሪያ ሰባት፣ ከጥር ወዲህ ስምንት ይሆናል። ይህን የማያስተውል መምህር አንዱን መጽሐፍ በሁለት የተለያየ ዓመት የታተመ ሁለት መጽሐፍ አድርጎ ሊጠቅስ ይችላል። ከእንዲህ ያለው ስሕተት የሚያድነው የቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያ ነው። እርሱን ሳይጠይቁ መጽሐፉ የለም ብሎ መሄድ ትዕግሥት ማጣት ነው።

የውጭ አገር መጽሔቶች ዋጋ ከኮሌጅ በጀት በላይ ሆኖ በቆየበት ጊዜ የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 እ.ኤ.አ. ሒናሪ የተባለውን አገልግሎት አቋቋመ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት አጎራ የተባለውን አስከተለ። ገቢያቸው አነስተኛ በሆነ አገሮች ያሉ ተቋማት በእነዚህ አማካይነት የጤናና የእርሻ መጽሔቶችን በኮምፒውተር በነጻ ወይም በዝቅተኛ ዋጋ ያነባሉ። የመግቢያው ቃል የሚሰጠው ለተቋም ስለሆነ፣ መምህሩ ሊጠይቅ የሚገባው ቤተ መጻሕፍቱን ነው። ከኪሱ ከፍሎ አንድ ጽሑፍ የሚገዛ መምህር ካለ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አለመጠየቁ ነው።

መምህሩም በበኩሉ ለቤተ መጻሕፍቱ ሰጪ ነው። በውጭ አገር መጽሔት ያሳተመውን ጽሑፍ አንድ ቅጂ ካላስቀመጠ፣ ስለ አንድ ወረዳ ወንዝ ወይም በሽታ የጻፈውን የወረዳው ሹም ሊያገኘው አይችልም። የሚመራቸው ተማሪዎች የምረቃ ጽሑፍም እንዲሁ ነው። በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት የታሪክ ተማሪዎች ስለየትውልድ አገራቸው ከሽማግሌዎች አፍ ሰምተው የጻፏቸው ሥራዎች በታይፕ እንደተጻፉ ተቀምጠው ይገኛሉ። ከነዚያ ሽማግሌዎች ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። ስለ ገበያው አመሠራረት፣ ስለ ግብሩና ስለ አሮጌው መንገድ የተናገሩት ግን፣ ተማሪው ጽፎ መምህሩ ስላስረከበው፣ ጠይቆ ለሚመጣ ሁሉ በንባብ አዳራሹ ይሰጣል።